ፖለቲከኛ ሪያሊቲ ሾው ቢሠራ ለቻናሉ ያዋጣል?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር በሳራ ፔሊን ጉዳይ ስንከራከር አመሸን። የአላስካ አገረ ገዥ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፕሬዚዳንት ዕጩው ጆን ማኬይን ጋር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረች፣ በ2009 የሥልጣን ዘመኗ ሳያልቅ ለቀቀች፣ በ2010 ደግሞ ቲኤልሲ በሚባለው የአሜሪካ ቲቪ ቻናል ላይ ከቤተሰቧ ጋር ዓሣ ስታጠምድና ተራራ ስትወጣ የሚያሳይ ፕሮግራም ይዛ መጣች። አንዱ ጓደኛዬ «ስም ካለ ብሩ አይቀርም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ስም ብቻውን አንድን ፕሮግራም ያቆየዋል? ሙያው ያላችሁ እስቲ አስረዱኝ።

አቤል_ዲሲ፦
ማለዳ፣ የመጀመሪያው ምሽት ለጓደኛሽ ይመሰክራል። ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ነው ያየው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ወደ 3 ሚሊዮን ወረደ። እኔ ማስታወቂያ ሽያጭ ላይ ሠርቻለሁ፤ ስፖንሰር የሚፈልገው በየሳምንቱ የሚመለስ ተመልካች ነው እንጂ «እስቲ ምን ልታደርግ ነው» ብሎ አንዴ አይቶ የሚሄደውን አይደለም። በዚያ ላይ የእሷ ተመልካቾች ከቻናሉ ደንበኞች በዕድሜ ገፋ ያሉ ነበሩ፣ የማስታወቂያ ዋጋ ያኔ ይሰላ የነበረው ግን በአብዛኛው ዕድሜው ከ18 እስከ 49 በሆነው ተመልካች ነው። ሳሙና የሚሸጥ ድርጅት ደግሞ ግማሹን አገር ማስቀየም አይፈልግም። ፕሮግራሙ በአንድ ሲዝን አለቀ።

ሶስና፦
ለፖለቲከኛው ግን ያዋጣል፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። በኮሮና ጊዜ የእንግሊዝ ጤና ሚኒስትር የነበረው ማት ሃንኮክ በ2022 የፓርላማ አባል እንደሆነ አይቲቪ የሚባለው የእንግሊዝ ቻናል ዝነኞችን አውስትራሊያ ጫካ ውስጥ አስገብቶ በሚያወዳድርበት ፕሮግራም ገብቶ 3ኛ ወጣ። 320,000 ፓውንድ ተከፈለው። ፓርቲው አገደው፣ በበሽታው ዘመድ የሞተባቸው ቤተሰቦችም ክፉኛ አዘኑ። ሰው የመረጠህ እንድትሠራለት ነው! ሌላው የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ናይጀል ፋራጅም በ2023 እዚያው ገብቶ 3ኛ ሆነ፣ በ2024 ክላክተን በሚባል የምርጫ ክልል ለፓርላማ ተመረጠ። በቲቪው ነው የተመረጠው አልልም፣ ግን ፖለቲካ የማይከታተል ሰው ሁሉ በየማታው ሳሎኑ ውስጥ አየው።

ያሬድ፦
አቤል ልክ ነህ፣ ግን አንድ ነገር ረሳህ። የፔሊንን ፕሮግራም የሠራው ማርክ በርኔት ነው፤ ከ2004 ጀምሮ የትራምፕን የሥራ ውድድር ፕሮግራም «ዘ አፕረንቲስ»ን የሠራውም እሱ ነው። ያኛው ለምን ዓመታት ቆየ? በየሳምንቱ አንድ ሰው ይባረር ስለነበረ ነው። ማን እንደሚባረር ለማወቅ የግድ ትጠብቃለህ። የፔሊን ላይ ውድድር የለም፣ አንድ ክፍል ቢያመልጥህ ምንም አይቀርብህም።

ማለዳ፦
ያሬድ፣ አሁን ገባኝ። እና ቻናሉ የአንተ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?

ያሬድ፦
ለሦስት ሳምንት በእንግድነት እከፍለዋለሁ፣ እንደ አይቲቪ። በስሙ ፕሮግራም አልሠራለትም።