ሪፈር ተጽፎለታል፣ «አጃቢ የለም» ይሉኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ወገኖቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታስሯል፤ ክሱ ገና አላለቀም። የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል። መድኃኒቱን አንድ ቀን ይሰጡታል፣ ሌላ ቀን የለም ይሉታል። አሁን ደግሞ የእግሩ ጣት ቆስሎ አልድን አለ። የእስር ቤቱ ሐኪም ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጽፎለት ነበር፤ ቀጠሮው ሲደርስ ግን «አጃቢ የለም» ተብሎ ይቀራል።

ከነርስ፦
እህቴ፣ ይሄ ቁስል ጊዜ አይሰጥም። ስኳር እግር ስለሚያደነዝዝ ሕመም ሳይሰማው ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል። ጣቱ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሰው ዛሬውኑ መታየት አለበት። ኢንሱሊን ተቋርጦበት ካስመለሰው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነም እንደዚያው። አቤቱታሽ ላይ «ታሟል» ብለሽ አትለፊው፤ ምልክቶቹን ከነቀናቸው ጻፊ።

ከጠበቃ፦
የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉ የማንዴላ ደንቦች አሉ። ደንብ 24 እስረኛ ያለ ክፍያ፣ ውጭ ያለው ሰው በሚያገኘው ደረጃ ይታከም ይላል። ላንቺ ዋናው ግን ደንብ 27 ነው። የሕክምና ውሳኔ የጤና ባለሙያው ነው፤ ሌላ ሠራተኛ ሊሽረውም ችላ ሊለውም አይችልም። «አጃቢ የለም» እያሉ ሪፈሩን ማስቀረት ከመሻር በምን ይለያል?

ደንቦቹ ብቻቸውን አስገዳጅ ሕግ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 10 ግን እስረኞች በሰብአዊነት እንዲያዙ ያጸደቁትን አገሮች ያስገድዳል። ሁለቱንም ጥቀሺ።

መጀመሪያ ለእስር ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ቅጂው ላይ ፈርመው ይቀበሉሽ። መልስ ካዘገዩ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፣ ደንብ 57 ይህን ይፈቅዳል። የወንድምሽ ጠበቃ ቀጠሮ ሳይጠብቅ አቤቱታ አስገብቶ ችሎቱ እንዲታከም ትእዛዝ እንዲሰጥ ይጠይቅ። ክሱ ስላላለቀም በቂ ምክንያትና የመክፈል አቅም ካላችሁ በራሱ ሐኪም መታየት ይችላል፤ ደንብ 118 ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ግን «ከከሰሳችሁ እኔ ላይ ይብሳል» ብሎ ፈርቷል።

ዘመድ ታስሮበት ከነበረ አባል፦
ፍርሃቱ እውነት ነው፣ አትናቁበት። ደንብ 57 አቤቱታ ባቀረበ እስረኛ ላይ በቀል እንዳይደርስ ይከለክላል፤ ይህንንም ማመልከቻው ውስጥ አስገቡ። ግልባጩን ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን ወይም ለእንባ ጠባቂ ላኩ፣ ውጭ ያለ ዓይን እንዲኖር። የሕክምና መዝገቡንም ጠይቁ፤ በደንብ 26 መሠረት ራሱ የማየት፣ ሌላ ሰው ወክሎም የማሳየት መብት አለው። ሪፈሩ የተጻፈበት ቀን እዚያ ላይ አለ።