የኦቫሪ ካንሰር ፕሮፖዛላችን፦ የትኞቹን ሴሎች እንቁጠር?

ሰብሳቢ፦ ወገኖች፣ ረቂቁ ወጥቷል። ሐሳቡ በኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ከታመሙ ሴቶች በሚቀዳው የሆድ ውሃ ውስጥ ስቴም ሴል መሰል ሴሎችን፣ ማለትም ዕጢውን እንደገና ያበቅላሉ ተብለው የሚጠረጠሩትን፣ በገጽ ምልክቶቻቸው (በሴሉ ገጽ ላይ ባሉ ፕሮቲኖች) መለየት ነው። ሲዲ44፣ ሲዲ117፣ ሲዲ133፣ ሲዲ24 እና ኤፕካም ገብተዋል። እስቲ አስተያየታችሁን አምጡ።

የማህፀን ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦ ውሃው አያሳስብም። ብዙዎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሚመጡት። ለሕክምናቸው እንቀዳለን፤ የተረፈው ይደፋል። ለጥናቱ ተብሎ ማንም ተጨማሪ መርፌ አይወጋም፤ ኤቲክሱ ላይ ይህ ጎልቶ ይጻፍ። ኬሞ ያልጀመሩትንና በሽታው ያገረሸባቸውን ግን ለዩልኝ። ኬሞው ብዙሃኑን ሴል ገድሎ እነዚህን ይተዋል የሚለው ጥርጣሬ አይደል እዚህ ያደረሰን?

ፓቶሎጂስት፦ አምስት ምልክት በዛ። ሲዲ24 ይውጣ፤ አንዱ ጥናት ያለበትን ሴል ስቴም ሲል ሌላው የሌለበትን ይላል። ሲዲ44 እና ሲዲ117 ግን ጥንድ ሆነው ይቅሩ። በ2008 በወጣ ጥናት ሁለቱም ያሉባቸው 100 ሴሎች አይጥ ላይ ዕጢ ሲያበቅሉ፣ ሁለቱም የሌሉባቸው 100,000 ሴሎች አላበቀሉም። እኛ አይጥ የለንም። ስለዚህ «ስቴም ሴል አገኘን» ማለት አንችልም፤ «ምልክቶቹን የያዙ ሴሎች» ነው የምንለው። ርዕሱም በዚሁ ይስተካከል።

ላብራቶሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ዶክተር ልክ ነዎት፤ ግን ሲዲ45 (የነጭ የደም ሴል ምልክት) የት ሄደ? የሆድ ውሃ እኮ በነጭ የደም ሴል የተሞላ ነው፣ እነሱም ሲዲ44 አላቸው። ሲዲ45 ያለባቸውን ካላወጣናቸው ሊምፎሳይት ቆጥረን ካንሰር ልንል ነው። ማስት ሴልም (ሌላ የመከላከያ ሴል) ሲዲ117 አለው። የሞቱ ሴሎችም አንቲቦዲ (ምልክቱን ፈልጎ የሚይዘውን ፕሮቲን) ያለ ቦታው ስለሚይዙ የሚለያቸው ቀለም ያስፈልጋል። ደግነቱ ውሃው ውስጥ ብዙው ሴል የተበታተነ ነው፤ እንደ ጠጣር ዕጢ በትሪፕሲን ኢንዛይም አናሟሟውም። ትሪፕሲን የምንፈልገውን የገጽ ፕሮቲን ራሱን ይቆርጠዋል።

የማህፀን ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦ ፍሎው ሳይቶሜትሪውን (ቀለም የያዙ ሴሎችን በሌዘር አንድ በአንድ መቁጠሩን) ለኤችአይቪ ታካሚዎች በምንጠቀምበት በሲዲ4 መቁጠሪያው ማሽን ብንሠራው አይሆንም?

ላብራቶሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ብዙዎቹ ለዚያው ቆጠራ ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ሌላ ቀለም አያነቡም። አዲስ አበባ እንላክ ካላችሁ ደግሞ አባይ በረሃን ልናቋርጥ ነው። በረዶው ቀልጦ፣ መኪናው ደጀን ላይ ቆሞ... ሕይወት ያለው ሴል ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

ፓቶሎጂስት፦ እንግዲያው በሴል ብሎክ እንጀምር። ውሃውን በሴንትሪፊውጅ አዙረን፣ ዝቃጩን በፎርማሊን አጽንተን ፓራፊን ውስጥ እናስቀምጠው። ብሎክ በረዶ አይፈልግም። ጉድለቱ፣ አንድ ስላይድ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ከቀባን ሁለቱ አንድ ሴል ላይ መሆናቸውን አናውቅም። ድርብ ቅብ የግድ ነው፤ ውድ ነው፣ ግን ጥናቱ የቆመው እሱ ላይ ነው። ለሲዲ117 መቆጣጠሪያ ማስት ሴል የታየበት ቲሹ ጎን ለጎን ይቀባ። ማስት ሴሉ ካልቀለመ ያ ዙር ይጣል።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። አንደኛው ዙር ሴል ብሎክ፣ ፍሎው ሳይቶሜትሪው ማሽን ያለው አጋር ሲገኝ። ሲዲ24 ወጥቷል፣ ሲዲ45 ገብቷል። ኤፕካምስ?

ፓቶሎጂስት፦ ይቆይ፣ ግን ማጣሪያ አይሁን። አንዳንዱ የካንሰር ሴል መስፋፋት ሲጀምር ኤፕካሙን ይጥላል፤ በሱ ካጣራን የምንፈልገውን ልንጥል እንችላለን። ለብቻው ይመዝገብ።

ላብራቶሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ በጀቱን እኔ ልያዘው። የአንቲቦዲውን ክሎን (የትኛው ዓይነት እንደሆነ) ሳትነግሩኝ ግን ፕሮፎርማ አልጠይቅም፤ በተለይ የሲዲ133። ክሎኖቹ የሚይዙት የፕሮቲኑ ቦታ ይለያያል፤ ፓራፊን ላይ የማይሠራ ገዝተን እንዳናለቅስ።