«ባለቤት የሌለው ቤት» የሚባል ነገር አለ እንዴ?

የቆላ ልጅ፦ ቅዳሜ ዕለት አንድ የአጭር ፊልም ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ስለ ሎኬሽን ሲያወራ እንዲህ አለ፦ «ብር ከሌላችሁ ከከተማ ውጡ። ገጠር ውስጥ ባለቤት የሌለው ቤት ሞልቷል። ግቡ፣ ቅረጹ፣ ውጡ።» አዳራሹ አጨበጨበ። የኔ ደም ግን ፈላ። ገጠር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በ29 ዓመቴ ባለቤት የሌለው ቤት አይቼ አላውቅም። ሰው የማይኖርበት ቤት ግን አይቻለሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው? ፊልም የምትሠሩ እስቲ ንገሩኝ።

ዜሮ ባጀት፦ እኔም እዚያው ነበርኩ። ካጨበጨቡትም አንዱ ነኝ። ወንድሜ፣ ቃላት አትሰንጥቅ። ሰውየው የተተወ ቤት ማለቱ ነው። ጣሪያው የዘመመ፣ በሩ የወደቀ፣ ውስጡ ሣር የበቀለበት። የምሠራው የ10 ደቂቃ ፊልም ነው። ያለኝ የውሰት ካሜራ፣ በነጻ የሚተውኑ ሁለት ጓደኞችና የሚኒባስ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ቀን ቪላ ልከራይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ዋጋውን ስሰማ ስክሪፕቱን ልቀደው ምንም አልቀረኝ።

የቆላ ልጅ፦ «የተተወ» ስትል፣ ማን ነው የተወው?

ዜሮ ባጀት፦ ይኸው ጀመረ።

ቆርቆሮ፦ ይህን ስም ያወጣሁት ለዛሬ ነው መሰለኝ። ስሙኝማ። እኛ አገር ሰው ቤቱን ለቆ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያወርደው ቆርቆሮውን ነው። ቀጥሎ በርና መስኮቱን ይነቅላል። ከዚያ ደህና ደህናውን እንጨት። የሚቀረው ጭቃ ነው፤ እሱን ደግሞ ጥቂት ክረምት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዜሮ ባጀት የሚያልመው ጣሪያ ያለው፣ ግን የተተወ የሚባል ቤት የለም። ቆርቆሮው ካለ ባለቤት አለ። ወይ ልጅቷ ዐረብ አገር ናት፤ ብር ልካ ልታሳድሰው ነው። ወይ ወንድማማቾች በውርስ ፍርድ ቤት ተካሰውበታል። ውርስ ያለበት ቤት ካሜራ ይዘህ ከገባህ አለቀልህ። አንዱ ወገን የሌላው ምስክር ነህ ብሎ ይነሣብሃል።

ዜሮ ባጀት፦ ቆርቆሮ የሌለውስ?

ቆርቆሮ፦ እሱ ግድግዳ ነው። ግን እውነት ለመናገር ለአንተ እሱ ይሻልሃል። ፀሐይ ከላይ ይገባልሃል፤ ላይት አትከራይም። በአንድ በኩል ነጭ አንሶላ ወጥረህ ብርሃኑን ብትመልስ ፊት ይታያል። መስከረም ላይ ግን እንዳትሄድ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ ፍርስራሹ የሠርግ ፎቶ ቤት ይመስልብሃል። ኅዳር ይሁንልህ።

ድምፅ ያዢዋ፦ ጣሪያ ያለውን የምትመኙ፣ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው እንዴት እንደሚንጣጣ ማይክ ይዛችሁ ስሙት። ከረፋዱ ጀምሮ አንድም ንጹሕ ዓረፍተ ነገር አትቀዱም። አንዴ ደግሞ ጣሪያው ሥር ንብ ነበረ። ዳይሬክተሩ «ድባብ ነው፣ ይቀዳ» አለ። ድባቡ ወርዶ ግንባሩን ነደፈው። ምሰሶም ሳትመረምሩ አትደገፉ። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ቁንጫውንማ አልነግራችሁም፣ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ዜሮ ባጀት፦ ምክሩን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ዋናውን አንርሳ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አይደል? እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?

የሕግ ተማሪ፦ ይህቺን ሳልመልስ አልተኛም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ልክ ነህ። ንዑስ አንቀጽ 7ን ግን ዘለልከው። በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ የገነባው ቋሚ ንብረት የሰውየው ነው። መሸጥ ይችላል፣ ማውረስ ይችላል፣ የመሬቱ መጠቀሚያ መብት ሲያበቃም ንብረቱን ማንሣት ይችላል። የቆርቆሮ ወግ ቀልድ እንዳይመስልህ። ሰውየው ጣሪያውን ነቅሎ ሲሄድ ሕገ መንግሥታዊ መብቱን ተጠቅሞ ነው።

ቆርቆሮ፦ አይ! እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ በኩራት ነበር የምትነቅለው።

የገጠር መምህርት፦ እናንተ «ባለቤት የሌለው» የምትለዋን ይዛችሁ ትጓተታላችሁ። እኔን ያቃጠለችኝ «ውጡ» የምትለዋ ናት። የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ አንድ አሮጌ ቤት አለ። ባለቤቷ ባልቴት ናቸው፤ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። ቤቱን ግን በየወሩ በሚካኤል ዕለት መጥተው ደጁን ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ልጆች ካሜራ ይዘው መጡ። ማንንም አልጠየቁም። ግድግዳው ላይ ደም ይሁን ብለው ቀይ ቀለም ረጩ፣ ወለሉ ላይ ሻማ ደረደሩ፣ ቀረጹ፣ ወጡ። በሚካኤል ዕለት እማማ መጥተው ያዩት ምን መሰላችሁ? መተት ነው። ሰፈሩ ሁሉ መተት ነው አለ። ለሁለት ሳምንት ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠረጥር ከረመ። በመጨረሻ ቄስ መጥተው ጠበል ረጩ። ፊልም ነው ብዬ ባስረዳ ማን ይስማኝ? ልጆቹማ ወጥተዋል። እንዲያውም ፊልሙ ጥሩ ወጥቶ ይሆናል።

ዜሮ ባጀት፦ እቱ፣ እነዚያ ልጆች ያደረጉት ነውር ነው። እኔ ቀለም አልረጭም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በወጉ ልሂድ ብል መንገዱ ምንድን ነው? ባለፈው ዓመት ሞክሬዋለሁ። አንዱ ቢሮ ከዞን ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ዞን ከወረዳ ጀምር አለኝ። ወረዳው ደግሞ አብሮህ የሚሄድ ሰው እንመድብልህ፣ ውሎ አበሉን ትችላለህ አለ። የሰውየው የሁለት ቀን አበል ከፊልሜ ባጀት ይበልጣል! ባጀቴ ስሜ ላይ ተጽፏል እኮ።

ድምፅ ያዢዋ፦ እዚህ ላይ ከዜሮ ባጀት ጎን ነኝ። የሚያስተምሩን «ፈቃድ አውጡ» ይሉናል፤ ፈቃዱ የቱ መስኮት ላይ እንዳለ አይነግሩንም።

የቆላ ልጅ፦ እኔ ደብዳቤ ወጣኝ? ጠይቅ ነው ያልኩት። ቤቱን ስታይ በአቅራቢያው ከብት የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም። «የማን ነው?» በለው። ስሙን፣ ታሪኩን፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሳይቀር ይነግርሃል። ከዚያ ቁልፍ ያለበት ሰው ቤት ሂድ። ቡናና ስኳር ያዝ። ቁጭ በል። ምን እንደምትሠራ ስልክህ ላይ አሳያቸው። ሰዉ ከተቀበለህ የቀበሌ ሊቀ መንበሩን ራሳቸው ያገናኙሃል። እምነቱን ይዘህ ቢሮ ስትሄድና ባዶ እጅህን ስትሄድ አንድ አይደለም።

ዜሮ ባጀት፦ እምቢ ቢሉኝስ?

የቆላ ልጅ፦ እምቢ አሉህ ማለት ነዋ። ታዲያ ምን ሊሆን ነው የጠየቅከው?

ዘወትር ተመልካች፦ ይቅርታ፣ እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ ፍርስራሽ? አጭር ፊልም በተባለ ቁጥር የወደቀ በር፣ የተሰነጠቀ እንስራ፣ ዝንብ ያረፈበት ሕፃን። ፌስቲቫል ላይ ፈረንጅ እንዲያለቅስ ነው?

ዜሮ ባጀት፦ ሆረር ነው ጌታዬ። ሆረር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልሥራ?

ዘወትር ተመልካች፦ ኮንዶሚኒየም አያስፈራም? ውኃ የሚመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ባልዲ ይዘህ ጨለማ ደረጃ ስትወርድ እይ። ደግሞም ባለቤት አለው፤ ኮሚቴም አለው።

ቆርቆሮ፦ ኮሚቴው ብቻውን ሆረር ነው። ለነገሩ አዲስ አበቤ ሲኒማ ሲጀመር ቤቱን ራሱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት አልነበር? መተት ነው ቢሉ የመምህርቷ ሰፈር ሰዎች ምን ይፈረድባቸዋል።

ጋሽ ፉርጎ፦ ልጆች፣ ከጭቃ ቤት ላይ ውረዱ። የድሮውን የባቡር ጣቢያ ረሳችሁት? ሥራው በፈረንጅ 1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር ነው። በየመንገዱ ትንንሽ ጣቢያዎች አሉ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2009 ሲመረቅ መስመሩም ጣቢያውም ሌላ ሆነ፤ የድሮዎቹ ዳር ቀሩ። እኔ የማውቃቸው ግንብ ናቸው፤ እንደ ጭቃ ክረምት አይበላቸውም። ጃንሆይ በእኛው በሚያዝያ 1928 ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። ለፊልም ይህን የመሰለ አለ?

ዘወትር ተመልካች፦ «የሄዱት» ነው «የሸሹት»?

ጋሽ ፉርጎ፦ የሄዱት። ጄኔቭ ድረስ ሄደው ለዓለም የተናገሩት ሸሽተው ነው?

ዘወትር ተመልካች፦ ጥያቄ ነው እንጂ ጋሼ። አያቴ ግን «ሸሹ» ሲል ነው የኖረው፤ እሱ አርበኛ ነበር።

ጋሽ ፉርጎ፦ አባቴም አርበኛ ነበር። «ሄዱ» ነው የሚለው።

የሕግ ተማሪ፦ እባካችሁ ወደ ጣቢያው እንመለስ።

ዜሮ ባጀት፦ አዎ፣ ወደ ጣቢያው! ጋሼ ይባረኩ። ይኸው አላልኳችሁም? ባለቤት የሌለው ቤት!

ጋሽ ፉርጎ፦ ማን አለህ? እኔ በማውቀው ጣቢያ የቀድሞ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። አንተ ባዶ ነው የምትለው መስኮት ጀርባ ሰው ሽሮ እየሠራ ነው። ጣቢያው የድርጅት ንብረት ነው፤ በዚያ ላይ ስንቱ ቅርስ ነው እያለ የሚጮኽለት።

የሕግ ተማሪ፦ ቅርስ ከሆነማ አዋጅ 209/1992 አለ። ግድግዳው ላይ ሚስማር ከመምታትህ በፊት አስብ።

ዘወትር ተመልካች፦ ቅርስ ነው ያለው ሁሉ አንድ ቀን ጣሪያውን ሲጠግን አላየሁም። ልጁ ቢቀርጸው ቢያንስ ምስሉ ይቀራል። ይህን ስል ዜሮ ባጀትን እየደገፍኩ አይደለም፤ ለጊዜው ነው።

የገጠር መምህርት፦ ምስሉማ የእማማም ቤት ቀርቷል፤ በቀይ ቀለም።

ዜሮ ባጀት፦ እሺ፣ ሁላችሁንም ሰምቻለሁ። ደግሞ ቤት አግኝቻለሁ። ከሱሉልታ አልፎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ቆርቆሮ የለውም፣ ግድግዳው ግን ድንጋይ ነው። በቆርቆሮ ሕግ ነጻ ነኝ። ቅዳሜ እንቀርጻለን።

ቆርቆሮ፦ በር አለው?

ዜሮ ባጀት፦ አለው። ተቆልፏል። ችግር የለም፣ በመስኮቱ ይገባል።

የቆላ ልጅ፦ ባለቤት የሌለውን ቤት ማን ቆለፈው?

ዜሮ ባጀት፦ ቁልፉ ዝጓል እኮ!

ጋሽ ፉርጎ፦ የኔም ቤት ቁልፍ ዝጓል። እንዳትመጣ።