ከማሕፀን በር ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ቁስሉ ደርቋል፣ ሽንቴ ግን አልተመለሰም

ባለምጣዷ (ደብረ ብርሃን)

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ልጄን ለማሳከም ጤና ጣቢያ በሄድሁበት ቀን አንዲት ነርስ «ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለሽ ከሆነ የማሕፀን በር ምርመራ ሳታደርጊ አትሄጂም» ብላ አስገባችኝ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ፈሳሽ ቀብታ አየች። ምንም ሕመም አልነበረኝም። ከዚያ ናሙና ተወሰደ፣ ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ፣ ዕጢው ገና ትንሽ ስለ ነበረ ቀዶ ሕክምና ተወሰነልኝ። ማሕፀኔና የማሕፀን በሩ፣ በግራና በቀኝ ካለው ሥጋና ከዳሌዬ ንፍፊቶች ጋር ወጡ። እንቁላል ማምረቻዎቼን ትተውልኛል። የናሙናው ውጤትም ጨረር አያስፈልግም የሚል ሆኖ ተመልሷል፤ ለዚህ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

አሁን ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከእምብርቴ በታች ያለው ቁስል ጥሩ አድርጎ ገጥሟል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የሽንት ቱቦው ከወጣልኝ ወዲህ ሽንቴ መምጣቱን አላውቅም። ሆዴ ከታች ሲከብደኝ ብቻ እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብዬም ቶሎ አይወርድልኝም፤ ጨረስሁ ብዬ ስነሣ ደግሞ ያመልጠኛል። የግራ እግሬ ወደ ማታ ያብጣል፤ ጠዋት የገባልኝ ጫማ ማታ አይገባም። ድካሙም አልለቀቀኝም። ቡና አፍልቼ ስጨርስ መተኛት ያምረኛል።

ቤት ውስጥ «ቁስሉ እኮ ደርቋል» የሚለው ቃል በዝቷል። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሆስፒታል አብረውኝ አድረዋል፣ አጥሚት ይዘው ተመላልሰዋል። ነገር ግን ሰባት ወልደው አራስነታቸው ሳያልቅ ማገዶ የተሸከሙ ናቸውና የእኔ መተኛት አልገባቸውም። ከሆስፒታል የተሰጠኝ ወረቀት «ከባድ ዕቃ አታንሺ» ይላል። ከባድ የሚባለው ስንት ነው? ሊጥ የሞላ ባልዲ ከባድ ነው? ምጣድ ፊት መቼ ልቆም እችላለሁ? ዐቢይ ጾምም እየገባ ነው። ባለቤቴን በተመለከተም ጥያቄ አለኝ፤ መጻፉ ስለ ከበደኝ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚህ ያለፈች ካለች ሳትደብቅ ትንገረኝ።

እማማ (ጉለሌ)

ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ያው አንቺ ያደረግሽው ቀዶ ሕክምና ለእኔ የተደረገልኝ በ2007 ዓ.ም. ነው። ያኔ አምሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፣ የልጅ ልጅ አያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ የሚያስፈልግሽን ውሰጂ።

ከአማትሽ ልጀምር፤ ይህን አንብቢላቸው። እመቤቴ፣ ወልዶ መነሣትና ማሕፀን ከነዙሪያው ወጥቶ መነሣት አንድ አይደሉም። እርስዎ የሚያዩት ስፌት የቆዳ ነው፤ ቆዳ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይገጥማል። ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ግን ለመጥናት ወራት ይፈልጋል። ከዚያም ወዲያ ማሕፀኑ ሲወጣ የብልት ውስጠኛው ጫፍ አብሮ ተቆርጦ ተሰፍቷል። ያንን ስፌት የሚያየው ሐኪም ብቻ ነው፤ ሸክም ሊተረትር የሚችለው ደግሞ እርሱን ነው። ልጅዎ ሰንፋ አልተኛችም።

አሁን ወደ ሽንትሽ። የፊኛ ነርቮች የሚያልፉት በማሕፀን ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ውስጥ ነው። ካንሰሩ ርዝራዥ እንዳይተው ያ ሥጋ ሲወጣ ነርቮቹ ይጎዳሉ፤ አንዳንዱ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ ተነካክቶ ለጊዜው ይሰንፋል። ፊኛሽ ይሞላል፤ መሙላቱን የሚነግርሽ ግን የለም። ይህ ያጋጠመሽ ብቻሽን አይደለም። ቀዶ ሐኪሜ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ለአንቺም ሊነገርሽ ይገባ ነበር፣ በዚህስ እቆጫለሁ።

እኔ ስሜት መጠበቅ ትቼ በሰዓት መሽናት ያዝሁ። ቀን በየሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ በየሦስት ሰዓት። ስተኛ አንድ ጊዜ፣ ሌሊት ተነሥቼ አንድ ጊዜ። የልጄን አሮጌ ስልክ በማንቂያ ሞልቼ በቀሚሴ ኪስ ይዤው ዞርሁ። አቀማመጡም ይወስናል። በደንብ ተቀመጪ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ፣ ክንድሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ወደ ፊት ዘንበል በዪ። አታምጪ። ሲያበቃ ተነሥተሽ ጥቂት ተንቀሳቅሰሽ እንደ ገና ተቀመጪ፤ ሁለተኛው ላይ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ያስገርማል። የእኛ ሽንት ቤት ጉድጓድ ስለ ነበረ ቁጢጥ ማለቱ ሆዴን ይጎትተኝ ነበር። አናጢ ጠርቼ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን አስቆረጥሁና ጉድጓዱ ላይ አኖርሁት። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ለወራት ነው።

እባክሽ ያመልጠኛል ብለሽ ውኃ አትቀንሺ። ብዙ ሴቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ውኃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ያቃጥላል፣ ሆድም ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ ፊኛን ይጫናል። ለሆድ ድርቀት ተልባ ቆልቼ ወቅጬ በውኃ እየበጠበጥሁ ማታ ማታ እጠጣ ነበር፤ ፓፓያም ረድቶኛል። የብረት ኪኒን ታዝዞልሽ ከሆነ ሆድ እንደሚያደርቅ እወቂ፤ ከቡናና ከሻይም አርቀሽ ውሰጂው፣ አብረው ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባው ብረት ይቀንሳል።

የእኔ ስሜት የተመለሰው በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ሙሉ በሙሉ የድሮው አልሆነም። ዛሬም እንግዳ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ሽንት ቤቱን ነው። በዚህ ግን ሠርግም ሄጃለሁ፣ አክሱም ድረስም በአውቶቡስ ተጉዣለሁ።

ስለ ሸክም፦ ለእኔ የተነገረኝ እስከ ሁለት ወር ድረስ ከአራትና ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳላነሣ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ የሊጥ ባልዲሽንም በዚህ አስቢው። ምጣዱን በተመለከተ ያሳሰበኝ ሙቀቱ አይደለም። ማጎንበሱ፣ አክምባሎውን ማንሣቱ፣ ለሰዓታት መቆሙ፣ ከጭስ የሚመጣው ሳል ነው። ሳል ሲመጣብሽ ትራስ ሆድሽ ላይ ደግፈሽ ሳዪ። ሐኪምሽ ሲፈቅድልሽ ለቤት የሚሆን ጥቂት እንጀራ ብቻ፣ ሊጡን ሌላ ሰው አቡክቶ አምጥቶልሽ፣ አንቺ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ጀምሪ። ደንበኞችሽን ለጊዜው ለምታምኛት ጎረቤት አስተላልፊ፤ እጅሽን የሚያውቁ ይመለሳሉ። መራመድ ግን ዛሬውኑ ነው። እኔ ከቤቴ እስከ ጎረቤቴ በር ጀምሬ ቀስ በቀስ ጉለሌ ሩፋኤል ደጁን ተሳልሜ እስከ መመለስ ደርሻለሁ። መስገዱን ግን ለጊዜው ተዪው።

ጾሙን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ የእኔ አባት «እስክትበረቺ ድረስ ጾምሽ መድኃኒትሽ ነው» ብለው አሰናበቱኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ለአንቺ ፊኛ አይሆንም። ጠበልም ብትሄጂ የውስጡ ስፌት መዳኑ እስኪረጋገጥ ውኃ ውስጥ አትዘፈቂ። ቀጠሮሽንም በምንም ነገር አትለውጪው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስትና በየስድስት ወሩ የሚያዩሽ ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ባለቤትሽ ያፈርሽበትን እኔ ልጻፈው። ግንኙነት ቢያንስ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያም ሐኪም የውስጡን ስፌት አይቶ ሲፈቅድ። ብልት ከድሮው ትንሽ ያጥራል፣ ሊደርቅም ይችላል። በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ከፋርማሲ ይገዛል፣ አትፈሪ፣ ጠይቂ። ቸኮላ አያስፈልግም፤ የሚያም ከሆነ አቁሙ። ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ ለሐኪም ንገሪ። ካንሰሩም ወደ እርሱ አይተላለፍም፤ ይህን እርሱም ላይጠይቅሽ ይችላልና አንቺ ንገሪው።

ሲስተር (ሐዋሳ)

እማማ የጻፉት ልክ ነው። እኔ በማሕፀንና ጽንስ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ስለ እግርሽ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም።

አንድ እግር ብቻ ማበጡ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው የደም መርጋት ነው። በዳሌ ውስጥ ለካንሰር ከተደረገ ቀዶ ሕክምና በኋላ ይህ አደጋ ለሳምንታት ይቆያል። እብጠቱ በድንገት ከመጣ፣ ባትሽ ሲነካ ካመመሽ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የእግር የደም ሥር አልትራሳውንድ ዛሬ ይታዘዝልሽ። ይህ ሳይታወቅ ወጌሻ ዘንድ ሄደሽ አትታሺ! የረጋ ደም ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተሰማሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ሁለተኛው የሊምፍ ፈሳሽ መጠራቀም ነው። ንፍፊቶቹ ሲወጡ ፈሳሹ መመለሻ ያጣል፤ ወራትም ዓመታትም ቆይቶ ሊጀምር ይችላል። ይህ ከሆነ ቆዳሽን ጠብቂ። በባዶ እግር አትሂጂ፣ እግርሽን በየቀኑ ታጥበሽ በጣቶችሽ መሐል አድርቀሽ ቫዝሊን ቀቢ፣ ጥፍርሽን ስትቆርጪ ተጠንቀቂ፣ ስታርፊ ትራስ ላይ ከፍ አድርጊው። ለምጣድ ሠራተኛ ደግሞ የእሳት ፍንጣሪ አለ፤ ትንሿ ቃጠሎ ታመረቅዛለችና እግርሽን ሸፍነሽ ሥሪ። የደም መርጋት አለመሆኑ ከታወቀ በኋላም እግሩ ቀልቶ ከተኮሰ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይፈልጋልና ለሐኪም አሳዪው።

ስለ ሽንትም አንድ ልዩነት እወቂ። ስትነሺ ወይም ስትስዪ የሚያመልጥ አንድ ነገር ነው። ሽንት ቤት ሄደሽም ሳትሄጂም፣ ቀንም ሌሊትም በብልትሽ በኩል ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ ፌስቱላ፣ ማለትም በሽንት መንገድና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። ፌስቱላ ሲባል የምናስበው በወሊድ የሚመጣውን፣ ሐምሊን ሆስፒታል የሚታከመውን ነው፤ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላም ይከሰታል፣ ይጠገናልም። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሚፈስ ቀይ ደም፣ ሆድ ተነፍቶ ማስመለስ ካለም እንዲሁ አትቆዪ። ስትሄጂ ከሸናሽ በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን እንዲለኩልሽ ጠይቂ። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ብዙ አያሳስብም።

ሴት ልጅ ካለሽም በትምህርት ቤቷ የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ጠይቂ። ክትባቱ በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው።

አንድ ባል (አዳማ)

እኅቴ፣ እዚህ ወንድ መጻፉ ቅር ካላሰኘዎት። ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት ተመሳሳዩን አልፋለች። እኔም ዝም ብዬ ነበር። ዝም ያልሁት ብነካት ይተረተራል ብዬ ስለ ፈራሁ ነው፤ እርስዋ ደግሞ ጠላኝ ብላ አስባ ኖሯል። ያወጣን ሐኪሙ ነው፤ በቀጠሮዋ ቀን አብሬ እንድገባ ጠርቶ ለሁለታችን በአንድ ላይ አስረዳን። ባለቤትዎን ይዘውት ይግቡ። ውኃ መቅዳቱንም እኔ ነኝ የያዝሁት፤ እስካሁን አልተውሁትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

እኔ የታከምሁት እዚህ አሜሪካ ነው፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ከእማማ ምክር ላይ ሁለት ልጨምር። ለእግር እብጠት የሚለበሰውን አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ ሳትለኪ አትግዢ፤ የማይሆን ካልሲ ከላይ አንቆ ያብስብሻል። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ፣ እግርሽ ሳያብጥ ነው የሚለካውም የሚለበሰውም። ሁለተኛው ፊኛንና ብልትን ከታች የሚደግፈው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው። እኔን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ማላላቱን ነው፤ ሆድን ነፍቶ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ሽንት ላይ ስትቀመጪ መንጋጋሽንና ትከሻሽን ማላላት። ማጥበቁ በኋላ መጣ። ፊኛው በደንብ ለማይወርድላት ሴት ማጥበቁን ብቻ መለማመድ ያባብሳል ብላኛለች።

ባለምጣዷ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሲስተርን ጽሑፍ አንብቤ በማግሥቱ ሄድሁ። አልትራሳውንዱ የረጋ ደም የለም ብሏል፤ የሊምፍ ነው። ከሸናሁ በኋላ የሚቀረው ግን 220 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ቀጭን ቱቦ በቀን ሁለት ጊዜ ራሴ እያስገባሁ እንዳወጣው አስተማረችኝ፤ መጠኑ ሲቀንስ ይቆማል ብላለች። እጄ ይንቀጠቀጣል። እማማ፣ እርስዎ ይህን አድርገው ያውቃሉ?

አማቴ ጽሑፉን ልጄ ሲያነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ምንም አላሉም፤ ባልዲውን አንሥተው ሄዱ።

እማማ (ጉለሌ)

አድርጌዋለሁ ልጄ። ከእንቅልፌ ስነሣና ስተኛ። መጀመሪያ እጅሽን በሳሙና በደንብ ታጠቢ፣ ታችሽንም ከፊት ወደ ኋላ እጠቢ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስታወት መሬት ላይ አስቀምጪና ቀዳዳውን እይው፤ በኋላ ጣትሽ ያውቀዋል። ቱቦው ወደ ብልትሽ ቢገባ አትደንግጪ፣ አውጥተሽ በሌላ ንጹሕ ሞክሪ። አስገድደሽ አትግፊው፤ ሳል ስትዪ መግቢያው በራሱ ይላላል። የወጣውን በመለኪያ እየለካሽ በደብተር ጻፊና ለሐኪምሽ አሳዪ። ቱቦ ሲያልቅብሽ ከቀዶ ሕክምና ዕቃ መሸጫ በቁጥሩ ነው የሚጠየቀው፣ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ እዚህ ካለ ደብረ ብርሃን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።