4 ካፕ ዱቄት በግራም ስንት ይመጣል? ሚዛን የለም

የገራዶዋ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የያዝኩት የድፎ ዳቦ አሠራር «4 ካፕ የስንዴ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ» ይላል። ያለኝ መስፈሪያ የውሃ ብርጭቆና የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ብቻ ነው። 4 ካፕ በግራም ስንት ነው? በብርጭቆስ?

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ። የአሜሪካኖቹ ካፕ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ነው። ያን ያህል ውሃ 240 ግራም ይመዝናል፤ ዱቄት ግን በመሃሉ አየር ስላለ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በማንኪያ እየተጨመረ አፉ በቢላ ጀርባ ከተጠረገ ከ120 እስከ 125 ግራም ይይዛል። ካፑን ራሱን ከጆንያው ዝቀሽ ካወጣሽ 150 ሊደርስ ይችላል።

ይሄ ትንሽ አይምሰልሽ። 4 ካፕ 480 ግራም ከሆነ 300 ሚሊ ውሃ ከዱቄቱ 62.5 በመቶ ነው፤ ሊጡ ለስላሳ ይሆናል። 600 ግራም ከሆነ ግን 50 በመቶ ብቻ፤ ሊጡ ይጠነክራል፣ በደንብ ኩፍ አይልም፣ ዳቦው ይደርቃል። ያኔ የሚረገመው እርሾው ነው!

ብርጭቆሽን ለማወቅ የሃይላንዱን ግማሽ ሊትር ውሃ ብርጭቆውን እስከ አፉ እየሞላሽ ስፈሪው። 2 ብርጭቆ ተኩል ከሞላ አንዱ 200 ሚሊ ይይዛል። 4 ካፕ 960 ሚሊ ስለሆነ 5 ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

ቦርከና፦
ልክ ነው፣ ግን ከሠንጠረዥ ይልቅ የራስሽን እጅ እመኚ። የታሸገ 1 ኪሎ ዱቄት ግዢ፤ ከሌለ ባለሱቁ ፊትሽ ይመዝንልሽ። ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጠሽ በማንኪያ አነሣሺው፤ ከዚያ ብርጭቆውን በማንኪያ እየሞላሽ አፉን ጥረጊና ቁጠሪ። ጠረጴዛ ላይ አታንኳኪው፣ በመዳፍም አትጫኚው። 9 ብርጭቆ ተኩል ከወጣው 1000 ለ9.5 ሲካፈል 105 ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩን ጽፈሽ ብርጭቆው ላይ ለጥፊው፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ብርጭቆ ብቻ ተጠቀሚ።

ከመነፋቱ በፊት የተሰፈረና ከተነፋ በኋላ የተሰፈረ ዱቄትም አንድ አይደለም። ወንፊት አየር ስለሚያስገባበት የተነፋው በብርጭቆ ቀለል ይላል።

የገራዶዋ፦
አላህ ይስጣችሁ። የጤፍና የወፍጮ ቤት የስንዴ ዱቄትስ በዚሁ 105 ይሄዳል?

ሐይቅ ዳር፦
አይሄድም። የጤፍ ዱቄት ደቃቅ ስለሆነ ይጠጋጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብርጭቆ ከፉርኖ ዱቄት ይከብዳል። ለእያንዳንዱ ዱቄት የቦርከናን የ1 ኪሎ ቆጠራ ለብቻው ድገሚው። በቁና ግን እንዳትጀምሪ፣ የባቲው ከሐይቁ ጋር እኩል ይሁን አይሁን ማን ይምልልሻል?

የወፍጮ ቤቱ ስንዴ ትኩሱን አይሰፈር፤ ይቀዝቅዝ፣ ረጋ ይበል። ደግሞ ገለባው ያልወጣለት ዱቄት ግራሙ እኩል ቢሆንም ውሃ ይበልጥ ይጠጣል። 480 ግራሙን በ300 ሚሊ አቡኪና 20 ደቂቃ ሸፍነሽ ተዪው። ከዚያ ሲነካ ደረቅ ካለ በሾርባ ማንኪያ አንድ አንድ እያልሽ ውሃ ጨምሪ፤ አንዱ ማንኪያ 15 ሚሊ ነው። ከ3 ማንኪያ በላይ ከፈለገ ዱቄቱን አብዝተሽ ሰፍረሽ ሊሆን ይችላል።