ቀላሉ ጠመንጃዬ ከሁለት ጥይት በኋላ ይበትናል፤ ሐሙስ አደን አለኝ፣ ድረሱልኝ

የተራራ እግር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ ያስፈልገኛል። ለተራራ አደን ብዬ አዲስ ቀላል ጠመንጃ ገዛሁ፣ ባዶውን 2.4 ኪሎ ነው። ዛሬ 100 ሜትር ላይ ዜሮ ላስይዘው (የማነጣጠሪያ መነጽሩ የሚያሳየውና ጥይቱ የሚመታው ቦታ እንዲገጥም) ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥይቶች እጅብ ብለው ገቡ። ሦስተኛው ወደ ላይ ወጣ፣ አራተኛው ወደ ላይና ወደ ቀኝ። መነጽሩን ወደ ታችና ወደ ግራ መለስኩት፣ ቀጣዮቹ ሌላ ቦታ ሄዱ። መልሼ አዞርኩት፣ ባሰበት። አሁን 15 ሳንቲሜትር ተበትኗል፣ ዜሮው የት እንደነበረ እንኳ ጠፋኝ። 20 ጥይት አለቀ። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት እንወጣለን። ጠመንጃው ተበላሽቶ ነው የመጣው? ልመልሰው? ወይስ መነጽሩ ነው?

ቪቴ አጥባቂ፦
የመነጽሩን ቪቴዎች አጥብቅ። ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት።

ሳቂታው፦
ሁለቱ አንድ ቦታ ከገቡ ሦስተኛው ለማን ነው? ለዛፉ? 😄

ጋሽ ዝምታ፦
ልጄ፣ ከመጠገኑ በፊት ምን እንደገዛህ እንወቅ። ሰው ቀላል ጠመንጃ ሲገዛ የሚያየው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ነው። ዳገት ላይ የምትሸከመው ግን እሱን ብቻ አይደለም። መነጽሩ፣ ቀለበቶቹ፣ ማንገቻው፣ ካዝናው ውስጥ ያለው ጥይት፣ ሁሉም ተደምሮ ነው ትከሻህ ላይ የሚወጣው። ጠመንጃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀልልም፣ ከሆነ ቦታ ብረት ተነስቶለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአፈሙዙ ነው፤ ይቀጥናል ወይም ያጥራል። ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ይግላል። ሲያጥር ጥይቱ ፍጥነት ያጣል፣ ድምፁም ጆሮ ላይ ይከብዳል። ሰደፉን፣ ማለትም ከትከሻህ እስከ አፈሙዙ ስር የሚዘልቀውን መያዣ፣ ከእንጨት ወደ ካርቦን ፋይበር መቀየር ግን አተኳኮሱን ሳይጎዳ ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ እኔ ብመርጥ መጀመሪያ የምቀንሰው ከሰደፉና ከመነጽሩ ነው፣ ከአፈሙዙ በመጨረሻ።
ርግጫውንም አስብ። ያው ጥይት ከ4 ኪሎ ጠመንጃ ወደ 3 ኪሎ ጠመንጃ ሲዛወር የርግጫው ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። ይህን ልምምድ አይቀንሰውም። ካሊበሩን (የሚጎርሰውን የጥይት ዓይነት) አልነገርከንም፣ መነጽሩንም አልነገርከንም። እንዴት ብለን እንርዳህ?

ማለዳ፦
እኔም ልጠይቅህ የነበረው ይህንኑ ነው። ካሊበሩ ስንት ነው? መነጽሩ ምን ያህል ይከብዳል? በጥይትና በጥይት መካከል ስንት ደቂቃ ጠበቅክ? ከፊት ምን ላይ አስደገፍከው? በተለይ የመጨረሻዋን መልስልኝ።

የተራራ እግር፦
.30-06 ነው። መነጽሩን ከድሮው ከባድ ጠመንጃዬ ነው የነቀልኩት፣ 4-16 በ50 (ከ4 እስከ 16 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር)፣ ወደ 700 ግራም ይጠጋል፣ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። በተከታታይ ነው የተኮስኩት፣ ሃያውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ከፊት የአሸዋ ከረጢት አለ፣ አፈሙዙን እሱ ላይ አሳርፌ ነው። ቪቴዎቹን በእጄ አጥብቄአለሁ፣ አይነቃነቁም። የድሮውንም ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምተኩሰው እኮ።

ሩቅ አላሚ፦
ወንድሜ ጥያቄህ ራሱ ትክክል አይደለም። ጠመንጃው ተበላሽቷል ብለህ ጀመርክ፣ ግን ቀጭን አፈሙዝ በግማሽ ሰዓት 20 ጥይት ከበላ በኋላ ቢበትን ምኑ ይገርማል? ደግሞም ቀላል ጠመንጃ ለምን አስፈለገህ? 3.5 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ እጅ ውስጥ ይረጋል፣ ርግጫው ይለዝባል፣ ስታለክልክም ብዙ አይወዛወዝም። አንድ ኪሎ መቀነስ ከፈለግህ ከቦርሳህ ቀንስ።

የተራራ እግር፦
ጉልበቴን ታምሜ ነው የገዛሁት። የድሮው ከነመነጽሩ 4.5 ኪሎ ነበር፣ ባለፈው ዓመት ከዳገቱ ግማሽ ላይ ተመለስኩ። ከቦርሳዬ የሚቀነስ ነገር የለም፣ ውሃና ጃኬት ነው። እባክህ ስለ ጥይቱ አለመሰብሰብ ንገረኝ።

ሩቅ አላሚ፦
እሺ ይቅርታ፣ ጉልበት ከሆነ ገባኝ። ግን 700 ግራም መነጽር 2.4 ኪሎ ላይ ጭነህ ያተረፍከው ምንድነው? 2-7 ወይም 3-9 በ40 የሆነ መነጽር ወደ 350 ግራም ይመዝናል፣ ለተራራም ይበቃል። ያንተ 50ው ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ከፍ ብሎ ነው የሚታሰረው። ያኔ ጉንጭህ ሰደፉ ላይ በደንብ አያርፍም፣ ዓይንህ በየጥይቱ ሌላ ቦታ ይሆናል። ይህም አንዱ የመበተን ምክንያት ነው።

ቪቴ አጥባቂ፦
በእጅ የጠበቀ ጠብቋል አይባልም። ከባድ መነጽር፣ ቀላል ጠመንጃ፣ .30-06። በየርግጫው መነጽሩ ቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት መንሸራተት ይፈልጋል። የማጥበቂያውን ኃይል ልክ የሚያሳይ ካቻቪቴ ተዋስ። ለቀለበቶቹ 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው፣ ሰደፉን ለሚይዙት ደግሞ ከ4.5 እስከ 7፣ ግን የራስህ ጠመንጃ መመሪያ የሚለውን ያዝ። ከማጥበቅህ በፊት ቪቴውንም ቀዳዳውንም ከዘይት አጽዳ።

ማለዳ፦
አፈሙዙን አሳርፌ ያልከው ነገር ዋናው ሳይሆን አይቀርም። አፈሙዝ ሲተኮስ ይርገበገባል። ወፍራሙ የድሮ ጠመንጃህ ይህን ይቅር ይልህ ነበር፣ ቀጭኑ አይልም። ከረጢቱ ላይ የሚያርፈው ሰደፉ ነው፣ ከካዝናው ትንሽ ፊት ባለው ቦታ፣ በየጥይቱ እዚያው ቦታ። በሌላኛው እጅህ ሰደፉን ከፊት በኩል ያዝ አድርገው፣ ቀላል ጠመንጃ ልቅ ሲሆን ይዘላል።
ነገ ጠዋት የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይ። ከዚያ ወረቀት በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል አስገብተህ ወደ ኋላ ሳበው። እስከ ብረቱ አካል ድረስ ሳይያዝ መሄድ አለበት። የሚይዝ ከሆነ ሰደፉ አፈሙዙን እየነካው ነው፣ ሲግል ደግሞ ይበልጥ ይገፋዋል። ቀጥሎ አፈሙዙ ውስጥ የቀረ ዘይት ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ በዘይት የራሰ አፈሙዝ የመጀመሪያውን ጥይት ሌላ ቦታ ይልከዋል።
ከዚያ አንድ ተኩስ። 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ ጥላ ውስጥ፣ መዝጊያውን ከፍተህ። ሁለተኛውን ተኩስ። 5 ደቂቃ። ሦስተኛውን። አፈሙዙን በእጅህ ንካው፣ ሞቅ ካለ ገና ነው፣ ጠብቅ። ሦስቱ ሳያልቁ መነጽሩን አትንካ! ዛሬ የጠፋህ በየጥይቱ ስላሳደድከው ነው። የሦስቱን መሃል ፈልግ፣ ከዚያ በሚሊሜትር ቁጠር። በሩብ ደቂቃ (የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ደቂቃ) የሚቆጥር መነጽር ከሆነ አንድ ጠቅታ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 5 ሳንቲሜትር ለማውረድ 7 ጠቅታ።
ደግሞ ሳቂታው የቀለደው እውነት ነው። ለአደን የምትፈልገው ቀዝቃዛ አፈሙዝ የሚተኩሰውን የመጀመሪያ ጥይት ነው። ሁለቱ እጅብ ብለው ከገቡ ጠመንጃህ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።

ሳቂታው፦
አያችሁ! ከቀልዴ ቁምነገር ተገኘ 😄 እኔ የምጨምረው ዓይንህን ነው። መነጽሩ ለቅንድብህ 9 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅለት፣ ወደ ዳገት ስትተኩስ ደግሞ ይቀርብሃል። የቅንድብ ጠባሳ ያላቸው ሁለት ጓደኞች አሉኝ።

ጋሽ ዝምታ፦
ማለዳ በደንብ ተናግራለች። እኔ የካሊበሩን ላንሳ፣ ለሌሎችም ይጠቅማል። .30-06 ከ1906 ጀምሮ ያለ የተከበረ ጥይት ነው፣ ግን ከ3 ኪሎ ብዙም ለማያልፍ ጠመንጃ ጉልበተኛ ነው። 7 ሚሜ-08 ሬሚንግተን በ1980 ወጣ፣ 6.5 ክሪድሞር በ2007፤ ሁለቱም አጭር ናቸው፣ የሚራገጡትም በጣም ያነሰ ነው። ለመካከለኛ አውሬ በልክ ርቀት ከበቂ በላይ ናቸው። አሁን ካሊበር መቀየር አትችልም። 180 ግሬን (የጥይቱ ጫፍ ክብደት መለኪያ) እየተኮስክ ከሆነ ወደ 150 ብትወርድ ትከሻህ ይለያል። ግን ልብ በል፣ ጥይት ከቀየርክ ዜሮው አዲስ ነው። የተለማመድክበትን ይዘህ ውጣ።
ርግጫ መፍራትህንም ፈትን። ጓደኛህ አንዴ እውነተኛ፣ አንዴ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ሳያሳይህ ያጉርስልህ። በልምምዱ ጥይት ምላጩን ስትስብ አፈሙዙ ከዘለለ ችግሩ መነጽሩ አይደለም።

የተራራ እግር፦
ማክሰኞ ማታ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ማለዳ። ወረቀቱ አላለፈም! ከሰደፉ ጫፍ አራት ጣት ገባ ብሎ በግራ በኩል ይያዛል። ሰደፉን አስደግፌ፣ እየጠበቅኩ ሦስት ተኮስኩ፣ 6 ሳንቲሜትር ውስጥ ገቡ፣ ግን ሦስተኛው አሁንም ወደ ቀኝ ነው። ምን ላድርግ? በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?

ቪቴ አጥባቂ፦
እንዳትፈገፍገው! የሰደፉን ቪቴዎች ፍታቸው፣ ጠመንጃውን በሰደፉ መሬት ላይ አቁመው፣ ብረቱ ወደ ታች ተጭኖ ይቀመጥ፣ ከዚያ እያፈራረቅህ አጥብቃቸው። ጠምዘዝ ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ሩቅ አላሚ፦
አንዳንድ ጠመንጃ ጫፉ ላይ ሆን ተብሎ እንዲነካ ተደርጎ ይሠራል፣ መመሪያውን አንብብ። በአንድ ጎን ብቻ መንካት ግን ልክ አይደለም። ከተፈገፈገ በኋላ ሻጩ አይመልስልህም፣ በዚያ ላይ እርግጠኛ ሁን።

ማለዳ፦
ግራው ሲነካ ወደ ቀኝ መግፋቱ ይገጥማል። ቪቴ አጥባቂ እንዳለው አድርግና ወረቀቱን ድገመው። ካለፈ በነጋታው ሦስት ተኩስና ውጣ። ካላለፈ ለጠመንጃ ሠሪ ስጠው፤ ሐሙስ የግድ ከሆነ ደግሞ ከ150 ሜትር ወዲህ ብቻ፣ በቀዝቃዛ አፈሙዝ፣ አንድ ጥይት። ከዚያ የራቀውን እለፈው። አቁስሎ ከመሄድ ባዶ እጅ መመለስ ይሻላል። ማንገቻውንም ስትተኩስ ክንድህ ላይ አትወጥረው፣ ሰደፉን ወደ አፈሙዙ ይስበዋል።

ሳቂታው፦
ዛሬ ዓርብ ነው። የተራራ እግር፣ ወረቀቱ አለፈ? ጉልበትህስ እንዴት ነው?

አዲስ ገቢ፦
የኔም ልክ እንደዚህ ነው፣ በግራ በኩል ይይዛል። ቪቴውን ፈትቼ ባጠብቀውም ያው ነው። መጨረሻው ምን ሆነ?