ወንድሜ አረቄ ሊተው ነው፤ ፀበል ከመውሰዳችን በፊት ምን ላድርግ?

ጥያቄ (እህት፣ ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 36 ዓመቱ ነው። በቀን ግማሽ ሊትር ያህል አረቄ ይጠጣል፣ ከምሳ በኋላ ይቅማል። ጠዋት ሳይቀምስ ከዋለ ያልበዋል፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በአንድ እጁ መያዝ አይችልም። አምና በራሱ ሲያቆም በማግስቱ እንደሚጥል በሽታ ጥሎት ነበር። አሁን ልተው ብሏል፤ ቤተሰቡ በሚቀጥለው ሳምንት ፀበል ወስዶ እዚያው ሊያስቆመው ወስኗል። ምን መድኃኒት ልግዛለት?

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ)፦

እህቴ፣ ወንድምሽ ቤትም ሆነ ፀበል ቦታ በድንገት ማቆም የለበትም። 40 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር አረቄ 160 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል ነው፤ በቢራ ሲታሰብ 12 ጠርሙስ ይሆናል። የቤት አረቄ ከዚያም ሊከብድ ይችላል። ይህን ያህል የለመደ አንጎል መጠጡ ሲቋረጥበት ያለልክ ይነቃቃል። ካቆመ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጡ፣ ላቡና ማስመለሱ ይጀምራል። የመጣል አደጋው እስከ 48 ሰዓት ድረስ ነው። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ቀኑንና ቦታውን መሳት ሊመጣ ይችላል፤ ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ትል ሲለቅም ልታዪው ትችያለሽ። ይሄ ካልታከመ ይገድላል። አንዴ የጣለው ሰው ደግሞ እንደገና ሲያቆም የመጣል ዕድሉ ይጨምራል።

ስለዚህ ተኝቶ ቢታከም ይሻላል። የሥነ አእምሮ ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰጂው፤ አዲስ አበባ ከቀናችሁ አማኑኤል አለ። የጤና መድን ካላችሁ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ከሁሉ በፊት "አምና ሲያቆም ጥሎታል" በይ፤ ተኝቶ እንዲታከም የሚያስወስነው ይህ ታሪኩ ነው። ሆስፒታል እስኪገባ ድረስ አረቄውን ደብቃችሁ አትከልክሉት፤ ከለመደው ሳይጨምር፣ ቀኑን ሙሉ ከፋፍሎ፣ በልቶ ይጠጣ።

መልስ (ፋርማሲስት)፦

ዲያዜፓም ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትሰጪው። ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው እሱው ነው፤ ግን ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን በርከት አድርጎ ይጀምርና በ5 ወይም በ7 ቀን እየቀነሰ ያቆመዋል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሆዱ ከተነፋ ተናገሩ፤ ጉበቱ ከተጎዳ የሚሰጠው መድኃኒትም መጠኑም ይለያል።

ሌላው ግሉኮስ ነው። ሰፈር ክሊኒክ "ደክሟል" ተብሎ ግሉኮስ ብቻ ይሰቀልለታል። የአረቄ ጠጪ ሰውነት ውስጥ ቫይታሚን ቢ1 አልቋል፤ ግሉኮሱ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጨርሶ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ቢ1 በመርፌ መቅደም ወይም አብሮ መሰጠት አለበት። ዓይኑ ከተንቀዋለለ፣ ሳይጠጣ ከተንገዳገደ ወይም ነገር ከተምታታበት የዚሁ ጉዳት ምልክት ነው፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ጠያቂዋ፦

አመሰግናለሁ። መንገድ ላይ ቢጥለውስ? እናታችን ደግሞ ፀበሉን አልተውም ብላለች።

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ)፦

ከጣለው በጎኑ አስተኚው፣ አንገቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ፍቺ፣ ራሱን ከድንጋይ አርቂ። ክብሪት አታሽቱት፣ ማንኪያ ወይም ቁልፍ በጥርሱ መሃል አታስገቡ፣ እስኪነቃ ውኃ አትስጡት። ሰዓት ያዢ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው በጣም አስቸኳይ ነው። በደቂቃ ቢለቀውም እንኳ ሆስፒታል መግባቱ አይቀርም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መልስ (የሱስ ማገገሚያ አማካሪ)፦

እማማን አትጋፏት። ፀበሉ ሊጠቅመው ይችላል፤ ጸሎቱም፣ ከአረቄ ቤቱ መራቁም፣ ጠዋት በሰዓቱ መነሣቱም። ጊዜው ግን ከሕክምናው በኋላ ይሁን፤ መንቀጥቀጡ ጠፍቶ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተስተካከለ በኋላ። የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ያቀሉለታል። የታዘዘለትን ኪኒን ይዞ ይሂድ፣ እንዳይቋረጥ። እዚያ ቢቀባዥር "መንፈሱ ጮኸ" ተብሎ እንዳይታሰር አብሮት የሚቆም የቤተሰብ ሰው ይኑር።

ጫቱን ችላ አትበሉት። ከቃመ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ለመተኛት ጨብሲ ይፈልጋል፣ ጨብሲው ደግሞ አረቄው ነው። ብዙ ሰው የሚመለሰው በዚህ በር ነው። ጫት ማቆም እንደ አረቄ አይጥልም። ድብታ፣ ቅዠት፣ ብስጭትና የስሜት መውረድ ያመጣል፤ በአብዛኛው በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይቀላል። "መኖር ሰልችቶኛል" ካለ ግን ለነገ ሳትሉ ለሐኪም ንገሩ። ሀራራው የሚበረታው ከምሳ በኋላ፣ በለመደው የመቃሚያ ሰዓት ነው። ያን ሰዓት ከቤት ውጭ ሥራ ስጡት። መቃሚያ ፍራሹንና ረከቦቱን ከክፍሉ አውጡ። ሀራራ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልፋል፤ ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ሰው ጋ ይደውል።

አረቄ ቤት ዱቤ ካለበት እሱ ሳይሆን አንቺ ሄደሽ ክፈዪ፤ ሴትዮዋንም እንዳትቀዳለት አደራ በያት። ዱቤ ሊከፍል የገባ ሰው ሳይቀመጥ አይወጣም። ለበዓል "ጠላ ምን አላት" የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ጠላም ጠጅም አልኮል ነው፣ ጠበል ጻዲቅ ላይ ብርዝ ወይም ለስላሳ ይያዝለት።

መልስ (ፋርማሲስት)፦

አንድ ነገር ልጨምር። ከመጠጥ ጋር የሚያጣላ ዳይሰልፊራም የሚባል ኪኒን አለ። ሳያውቅ ወጥ ውስጥ የሚጨምሩለት ቤተሰቦች አሉ፤ ከጠጣበት ደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። እሱ አውቆ፣ ተስማምቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብቻ ነው የሚጀመረው።

ከወራት በኋላ ቢመለስ ደግሞ ለስንት ቀን እንደጠጣ ቁጠሩ። አንድ ቀን ከሆነ በማግስቱ አማካሪው ጋ ይቅረብ። ተከታታይ ቀናት ከጠጣ ግን በድንገት አታስቁሙት፤ እንደ መጀመሪያው ሆስፒታል ይግባ።